የአምስታችን ሕግ

ጥቅምት 3

ለልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል ብላ ትስቅብናለች፤ አትስሚያት። በስልክ ሁለት ቃል ሳልናገር እሷ ትነጥቀኛለች፤ እስክትመልስልኝ ድረስ ልነግርሽ ካሰብኩት አምስት ነገር አራቱ ይጠፋብኛል። ወረቀት አይነጠቅም።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ።

አንደኛ። አምስት ሰው ያለ ምንም ጽሑፍ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ሠራ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠይቆኝ የሚያውቅ ስለሌለ አስቤው አላውቅም። አለቃችን እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የእንጨት ሥራ ቤቱንና የመጋዝ ማሽኑን በአምስታችን ስም አዛወረው። ከዚያ ሰበሰበንና አብራችሁ ሥሩበት፣ የሚወጣ ሰው ቦታውን ለቀሩት ትቶ ይውጣ አለን። ይኸው ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልረሳውም።

ሁለተኛ። ለዩኒቨርሲቲ መምህርሽ ማን ማን እንደሆንን ማስረዳት ከፈለግሽ፣ ቁምሳጥን የኔ ነው። ሶፋ የባለ ሶፋው። የወንበር እግር እያሽከረከረ የሚያወጣው ቶርኖ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ማሽኑ ከወሰደበት ቆየ። በርና መስኮት የዝምተኛው፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቃል ተናግሮ ሁላችንንም አስደንግጦናል። የሁላችንም ዕቃ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ደግሞ በቫርኒሽ ቀቢው በጋሼሽ እጅ ነው። እሱን ላንቺ ማስረዳት የለብኝም። በእግርሽ መሄድ የጀመርሽ ቀን ከኔ ጉልበት ተነሥተሽ የደረስሽው እሱ ጉልበት ላይ ነው።

ሦስተኛ። ስለ ፈላስፎችሽ የጻፍሽውን በሻይ ሰዓት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስማቸው አፋችን ላይ አልያዝ ስላለን የራሳችንን ስም አወጣንላቸው። ሰው ሁሉ ሰውን ይፈራል፣ ስለዚህ ሁሉም ጉልበቱን ለአንድ ኃይለኛ መንግሥት ይስጥ የሚለው «ፈሪው» ተባለ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበት ነገር የራሱ ነው፣ መንግሥትም ያንን እንዲጠብቅ በሰዎች ፈቃድ የቆመ ነው የሚለው «ባለ ላቡ»። እያንዳንዱ ለራሱ ጥቅም ሲሮጥ አገር ሳይታሰብ ይጠቀማል የሚለው «ባለ ገበያው»። ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ ሰውን ተዉት የሚለው «አትንኩኝ»።

ጋሼሽ ባለ ላቡን ወደደው። እንደሱ ከሆነ የዚህ ከተማ ቁምሳጥን ግማሹ የኔ ነው፣ ነገ በየቤቱ እየዞርኩ እሰበስባለሁ አለ። ባለ ሶፋው እኔ ስስታም በመሆኔ አገር የሚጠቀም ከሆነ ይሄንን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለሚስቴ ስጡልኝ ብሎ ለመነ። ቶርኖ ፈሪውን ናቀው። ሰውዬው ጎረቤት አልነበረውም እንዴ አለ።

አራተኛ። ይሄኛው መልስ ሳይሆን ልመና ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቶርኖና ባለ ሶፋው በመጋዙ ተራ ተናንቀው ነበር። ተራውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር ታውቂዋለሽ። ልገላግል ስገባ ቶርኖ ማን ሾመህ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሕግ ላርቅቅላችሁ ብለሽ ነበር። አርቅቂልን። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ መስታወቱ፣ ያ የተሠራ የቤት ዕቃ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጠው፣ ቤታችንን ለመጋዘን እንደሚመኘው ታውቂያለሽ። ስንጣላ በመስታወቱ ውስጥ ቆሞ ያየናል።

አምስተኛውን ረሳሁት። አዎ፣ ጋሼሽ አድራሻሽን ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደጻፈልሽ ንገሪኝ እስቲ፤ እኔ ስጠይቀው ያስለዋል እንጂ አይመልስልኝም።

አባትሽ


ጥቅምት 22

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሳልጽፍ የቆየሁት ፈተና ስለነበረብኝ ነው፣ ይቅርታ። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ መሀረብ በፖስታ አትላክልኝ፣ እዚህም ይሸጣል።

ስሞቹን ለመምህሬ ነገርኩት። ሳቀና ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ «ፈሪው» እያልኩ አስተምራለሁ አለ። ቶርኖ ስለ ጎረቤት ያለውን ደግሞ መዝግቦታል።

ቶርኖ ማን ሾመህ ሲልህ አትዘንበት። ፈላስፎቼ ሁሉ የሚነሡት ከዚያች ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ሲወለድ የሌላ ሰው ሆኖ አልተወለደም ይላሉ። አንዱ ሌላውን የሚያዘው የታዘዘው ሰው ከተስማማ ብቻ ነው። መንግሥትም ቢሆን ሰዎች ተስማምተው የሠሩት ዕቃ ነው፤ እንደ ቁምሳጥን በለው፣ ካልዘጋ ይታረማል። የአለቃችሁ ቃል ጥሩ ቃል ነው፣ አባዬ። ግን ተሰጣችሁ እንጂ አልተስማማችሁበትም። አንዳችሁም ያኔ እምቢ ማለት አትችሉም ነበር።

አንድ ያልነገርኩህ ፈላስፋ አለ፤ እናንተ ስም ታወጡለታላችሁ። ሕግ ስታወጡ በመጋረጃ ጀርባ ያላችሁ አድርጋችሁ አስቡ ይላል፤ ከመጋረጃው ስትወጡ ከአምስቱ የትኛው እንደምትሆኑ አታውቁም። ጠንካራው ልትሆን ትችላለህ፣ ደካማው ልትሆን ትችላለህ። ያኔ የምትጽፉት ሕግ ነው ትክክለኛው ሕግ። እኔም ሳረቅቅ እንደዚያ አድርጌ ነው ያሰብኩት።

አስራ አንድ አንቀጽ ነው፣ አብሮ ተልኳል። የመጋዙ ተራ ሁለተኛው ላይ አለ። በድምፅ ስለ መወሰን አራተኛው ላይ አለ። መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው። ያልገባህ ካለ ሳትፈርሙ ጻፍልኝ።

ጋሼ ሰላም ሊለኝ ነው የጻፈው።

ልጅህ


ኅዳር 14

ለልጄ፣

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሕግሽ ተፈረመ።

እንዴት እንደነበረ ላልሽኝ ይኸውልሽ። ትልቁን መሥሪያ ጠረጴዛ ጠረግነው። ብርጭቆዎቹን ወደ ዳር አደረግን። እኔ ቆሜ አነበብኩ። ባለ ሶፋው ቁጭ ብለህ አንብብ፣ ቆመህ ስታነብ የታሰርኩ ይመስለኛል አለ። አልተቀመጥኩም። እንደዚያ ያለ ነገር ተቀምጦ አይነበብም።

ሁለተኛው ላይ ቶርኖ ተራውን በየወሩ ሌላ ሰው ይጻፍ የሚለውን ሰምቶ እጁን አነሣ፤ የሚያነሣው ሊቃወም መስሎኝ ነበር፣ ግን ይሄ ጥሩ ነው አለ። ልቤ ትንሽ ተነካ፤ ቢሆንም እሺ። አራተኛው ላይ፣ በድርሻ ልክ ድምፅ ይሰጣል፣ ሦስት ሁለትን ያሸንፋል የሚለው ላይ፣ ብዙ ተወራ። ስድስተኛው፣ ማንም በተናገረው ነገር ከቤቱ አይባረርም የሚለው ሲነበብ ሁሉም ቶርኖን አይተው ሳቁ። እሱም ለዚህ የልጅህን ግንባር ሳምልኝ አለ። መጋረጃውን አስረዳኋቸው። ጋሼሽ ያን ዕለት አልቀለደም። መጋረጃውን ሁለት ጊዜ ድገምልኝ አለና እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጠ።

ዝምተኛው መጨረሻ ላይ አፉን ከፈተ። የአለቃችን ቃል የት ገባ አለ። ልጄ ሁሉንም አስገብታዋለች አልኩት። እሺ ብሎ ፈረመ።

ትናንት በመጣችው አጭር ወረቀትሽ ላይ ዘጠነኛው ሲነበብ ምን አሉ ብለሽኛል። ምንም አላሉም። ጋሼሽ ይሄ ግልጽ ነው፣ ቀጥል፣ ሻዩ ቀዘቀዘ አለኝና ቀጠልኩ። ለብቻህ አንብበው ብለሽ ነበር። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አላነበብኩትም። ጣውላ ሁለት ጊዜ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም፤ ያንቺን ጽሑፍ ግን ምን ብዬ ልለካው? ፊደልሽን ሳይ ደስታው ይበቃኛል።

ከአስራ አንዱ ለምን ዘጠነኛውን ብቻ እንደጠየቅሽኝ አልገባኝም። ለመምህርሽ ነው?

እናትሽ ሹራብ ልካልሻለች። አንገቱ ይጠባል ብትይ እንዳትሰማሽ።

አባትሽ


ጥር 8

ለልጄ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥራለሁ፤ ደህና ነን።

ጋሼሽ ከመጣ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ስልኩን ሚስቱ ታነሣና ተኝቷል ትለኛለች። ያልተቀባ ቁምሳጥን እየተደረደረ ነው። ምን ሆኖ እንደሆነ ዝርዝር ጽፌ ነበር። አንደኛ፣ ታሞ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በኔ ተቀይሞ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሌላ ቤት ሥራ አግኝቶ ይሆናል። ሦስተኛውን ስጽፍ አፍሬ ሰረዝኩት።

ዛሬ ጠዋት ባለ መስታወቱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሰላም አለን፣ ኮቱን አወለቀ፣ ከኪሱ ሜትር አወጣና የቫርኒሽ ክፍልን ግድግዳ ይለካ ጀመር። ምን እያደረግክ ነው አልኩት። ድርሻዬን እየለካሁ አለኝ። ወረቀት አሳየኝ። የጋሼሽ ፊርማ አለበት። እዚያው ቆሜ ግድግዳው ላይ ከለጠፍነው ሕግሽ ዘጠነኛውን አነበብኩት። «ማንኛውም አባል ድርሻውን ለፈለገው ሰው መሸጥ ይችላል፤ የሌሎቹን ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም።»

ይሄ እኔ የገባኝን ነው የሚለው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው? የአለቃችንን ቃል ነግሬሽ ነበር። ጽፌልሽ ነበር። ስትገለብጪ ተሳስተሽ ይሆናል ብዬ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። በቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ


ጥር 20

አባዬ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ብዙ ቀን መልስ መጻፍ አቃተኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ራስ ምታቱ ተነሥቶብሃል?

አልተሳሳትኩም። ዘጠነኛው አንተ የገባህን ነው የሚለው።

እስቲ እንዳስረዳህ ፍቀድልኝ። ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ላቡን ካፈሰሰ በኋላ ባዶ እጁን ውጣ የሚለው ደንብ፣ ሰውን ቤቱ ውስጥ የሚያስር ደንብ ነው። ቆልፎ አይደለም የሚያስረው፤ መሄጃ አሳጥቶ ነው። የሰው ተፈጥሮ ክፉ ስለሆነ አይደለም ፈላስፎቹ እንዲህ የሚሉት። ሰው የራሱ ስለሆነ ነው። መንግሥትም፣ ማኅበርም፣ ወዳጅም ቢሆን የማይገባበት ድንበር አለው። ጋሼ ድርሻውን ሲሸጥ ያንተን ድርሻ አልነካም። ባለ መስታወቱን አልወደውም፤ ነገር ግን ሰው መብቱን የሚጠቀመው እኛ ለምንወደው ሰው ሲሸጥ ብቻ ከሆነ፣ ያ መብት አይባልም።

ደግሞ እባክህ በጋሼ አትፍረድበት። ሐኪሙ ከነሐሴ ጀምሮ የቫርኒሹ ሽታ ሳንባህን ጨርሶታል፣ አንድ ዓመት ብትቀጥል አልጋ ላይ ትውላለህ እያለው ምን ያድርግ? ሕክምናው በቅርብ አይገኝም፣ ሩቅ ነው። ቤቱን ሊሸጥ አይችልም፤ ሚስቱና ልጆቹ አሉ። ያለው ያ ድርሻ ብቻ ነበር።

ተቆጥተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ጻፍልኝ ብቻ።

ልጅህ


የካቲት 7

ልጄ፣

ከነሐሴ ጀምሮ ትያለሽ።

ይሄን ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም፤ እኔ እንኳ። ጋሼሽ ሳንባው መታመሙን እኔ የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ፣ ሳሉን እየሰማሁ፣ ጉንፋን ነው እያለኝ ማር ይዤለት እየሄድኩ። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር። አንቺ ግን ወሩን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ። ሕክምናው ሩቅ መሆኑን ታውቂያለሽ።

እናትሽን ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም። ደብዳቤሽን ሰጠኋት፣ አንብባ ወጥ ቤት ገባች፣ ብዙ ቆየች።

ስለዚህ ጋሼሽ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ተኝቷል አለችኝ፣ እጠብቃለሁ አልኳት። ተነሥቶ መጣ። ከስቷል። እጁ ላይ ያ ቡናማው ቀለም ለቆ ነጭ ሆኗል፤ እጁን ነጭ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ልቆጣ ሄጄ ጤናህ እንዴት ነው አልኩት። እሱም ደህና ነኝ አለኝ። እንደ እንግዳ ተቀምጠን ስለ ዝናብ አወራን።

ከዚያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ነግሬህ ምን ታደርጋለህ?»

«አዋጥተን እናሳክምሃለን።»

«እሱማ ታሳክሙኛላችሁ። ከዚያስ? ዕድሜዬን ሙሉ እጃችሁን እያየሁ ልኑር?»

«ለኔ ለብቻዬስ?»

«ላንተ ብነግርህ ታለቅሳለህ። አልቅሰህ ታስቀረኛለህ። አንተን እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ ዞርኩህ።»

ዞርኩህ አለኝ፣ ልጄ። እንደ ጉድጓድ።

በማን በኩል እንደዞረኝ ስጠይቀው ተነሥቶ ሣጥን ከፈተ። አራት ደብዳቤ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው። ፊደልሽን ከሩቅ አውቀዋለሁ። አላነበብኳቸውም፤ የሰው ደብዳቤ አላነብም። የላይኛው ተገልጦ ስለነበር ዐይኔ አንዲት መስመር ላይ አረፈች። «ዘጠነኛውን እንዳልከኝ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ለአባዬ አልነግርም፣ ቃሌ ነው» ትላለች።

ስሜቴን በተራ ልጽፍልሽ ሞከርኩ።

አንደኛ፣ ለሱ በየደብዳቤው አራት ገጽ ጽፈሻል፣ ለኔ ሁለት።

ከዚህ በታች ሁለተኛ የሚል የለም። ትንሽ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሌላው ትልቅ ስለሆነ አልነሣ አለኝ፣ ይሄን ብቻ አነሣሁ።

ዝምተኛውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የአለቃችን ቃል የት ገባ ሲለኝ ልጄ አስገብታዋለች ብዬው ነበር። ምንም አላለኝም። ምንም ባይለኝም እሱ ሁልጊዜ እንደዚያው ስለሆነ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

አባትሽ


የካቲት 27

አባዬ፣

ይቅርታ። ይሄን ቃል ከላይ ያስቀመጥኩት ከታች ብጽፈው ለማሳመን የጻፍኩት እንዳይመስልህ ነው።

ጋሼ መስከረም መጨረሻ ላይ ጻፈልኝ። ለማንም እንዳልናገር መጀመሪያ ቃል አስገባኝ፣ ከዚያ ነገረኝ። ሲነግረኝ ቃሌ ከአፌ ወጥቷል። አንተ ሕግ አርቅቂ ስትለኝ ደግሞ በሩ የተከፈተ መሰለኝ። ለሱም የሚሆን፣ ላንተም ነገ ብትታመም የሚሆን ሕግ መሰለኝ። ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። የሚያሳፍረኝ እሱ አይደለም።

የሚያሳፍረኝ ለብቻህ አንብበው ማለቴ ነው። ቢያነብ ይገባዋል፣ ሲገባው ይጠይቀኛል፣ ያኔ ቃሌን ሳላፈርስ ያውቃል ብዬ ነበር። እንደማታነበው ግን አውቅ ነበር፣ አባዬ። የኔን ወረቀት እንደማትመረምር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ተማምኜ ነው የጻፍኩት።

ገጹን የቆጠርከው አንጀቴን በላው። ለሱ የረዘመው ስለሚፈራ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

አራት ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳንተ በተራ። ጋሼ ቢነግርህ ኖሮ ትለቀው ነበር ወይ? የሥራ ቤቱ ምን ሆነ? መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ስለ እናንተ የጻፍኩትን ላውጣው ወይ? ለዕረፍት ልምጣ ወይ?

መምህሬ ጽሑፉን አንብቦ አንድ ነገር አለኝ። ፈላስፎቹ የጻፉት ስለማይተዋወቁ ሰዎች ነው አለኝ።

ልጅህ


ሚያዝያ 6

ልጄ፣

ሳልመልስ ወር አልፎኛል። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ጋሼ ቢነግርህ ትለቀው ነበር ወይ ላልሽው። ብዙ አሰብኩበት። አለቀውም ነበር። ዝርዝር አወጣ ነበር፤ የማትሄድበት ምክንያት ብዬ፣ አንድ ሁለት እያልኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱን እየቆጠርኩ። እሱም ይቀር ነበር። እኔን ደስ እንዲለኝ ብሎ ያንን ሽታ እየሳበ ይቀር ነበር፣ እኔም ሳሉን እየሰማሁ እንዴት ያለ ወዳጅ አለኝ እል ነበር። ይሄን ስለራሴ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከኔ መደበቁ ልክ ነው። አንቺም ለታመመ ሰው የገባሽውን ቃል መጠበቅሽ ልክ ነው። ሁላችሁም ልክ ናችሁ። እዚህ ቤት ልክ ያልሆነው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያም ሆኖ አላሳረፈኝም።

የሥራ ቤቱ ምን ሆነ ላልሽው። ባለ መስታወቱ በየካቲት የባለ ሶፋውን ገዛ። በመጋቢት የቶርኖን። ባለ ሶፋው ሲወጣ ባለ ገበያው ምን ነበር ያለው፣ አገር ይጠቀማል አይደል ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ቶርኖ ግን ዐይኔን አላየም። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ባለፈው ሐሙስ ድምፅ ተሰጠ፤ ቤቱ ለመጋዘን ይለቀቅ፣ መጋዙ ይሸጥ የሚል። አራተኛው በድርሻ ልክ ስለሚል ሰውዬው አንድ ሆኖ እጁን ሦስት ጊዜ አነሣ። እኔና ዝምተኛው እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ አነሣን። ሦስት ለሁለት። ምንም ያፈረሰው አንቀጽ የለም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በጣም ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ዝምተኛው ዕቃውን ሲሰበስብ፣ እኔ እንኳ ያንተን አምኜ ነው አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ከሱ ይሄ ብዙ ነው።

መመረቂያ ጽሑፍሽን ላልሽው፣ አታውጪው። የሆነ ነገር ነው፣ ይጻፍ። ግን አምስቱም ተስማምተው ፈረሙ የሚል ቦታ ካለ እሱን አርሚው። አንዱ ያውቅ ነበር። አራታችን የፈረምነው እኔ ስላነበብኩት ነው። እነሱ ያመኑት እኔን ነው፣ እኔ ያመንኩት አንቺን ነው። ይሄ በናንተ መጽሐፍ መስማማት ይባል እንደሆነ መምህርሽን ጠይቂው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ። ፈሪውም፣ ባለ ላቡም፣ ሌሎቹም፣ ሰው መጀመሪያ ብቻውን ነበር፣ ከዚያ ተስማምቶ ተሰበሰበ ብለው ነው የሚጀምሩት። ብቻውን የጀመረ ሰው የት ነው ያዩት? ሁላችንም የተገኘነው ሰው እጅ ላይ ነው። መብቱን አልቃወምም። ሰው የራሱ ይሁን። ከቤት ሲወጣ ግን ደህና ሁኑ ይባላል፤ ይሄም ሕግ ነው፤ አስራ አንዱ ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

ጋሼሽን ትናንት ወደ ሕክምናው ሸኘሁት። ሻንጣውን ተሸከምኩለት። ጻፍልኝ አለኝ። እሺ አልኩት፤ አልዋሸሁትም፣ እጽፍለታለሁ።

አንቺ ላይ ያለኝ ግን ሌላ ነው፤ በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። የደበቅሽውን ይቅር ብዬሻለሁ። እዚያ ቆሜ ያን ወረቀት በኩራት ሳነብ የሚሆነውን እያወቅሽ መተውሽን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያደረገው እሺ። የከበደኝ የኔን አለማንበብ ተማምነሽ መጻፍሽ ነው።

ለዕረፍት ነይ። ቤትሽ ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም። እናትሽ አንሶላሽን አጥባለች።

አባትሽ


ሰኔ 3

ልጄ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ዝናብ ጀምሯል።

ሥራ የት እንደጀመርኩ፣ ከማን ጋር እንደምሠራ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቀሽኛል።

ሥራ ደህና ነው።

በርቺ።

አባትሽ